ከሞጣ እስከ ጣና፦ በር የሌለው ፓርክ

ከቢቸና ተነስቶ ባሕር ዳር ለመግባት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ደጀን ተመልሶ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል የሚዞረው ነው። ሁለተኛው በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አልፎ ሞጣ ያደርሳል፤ ከሞጣ በአዴት በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጣና ዳር ያወርዳል። በዚህኛው መንገድ ቁርሱን ሞጣ የበላ ቤተሰብ ምሳውን ሐይቁን እያየ ሊበላ ይችላል።

ከአካባቢያችን ወደ ባሕር ዳር ያልሄደ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ሐይቁን የጎበኘ ማግኘት ግን ከዚያም ይብሳል። ለሕክምና ተሂዷል፣ ለሠርግ ተሂዷል፣ ልጅን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ተሂዷል። ጣና የታየው በባጃጅ መስኮት ነው፤ አለበለዚያም ዳር ላይ 10 ደቂቃ ቆሞ ፎቶ ለመነሳት። ልጆች ሐይቁን የሚያውቁት ከመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ "በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ማን ይባላል?" ለሚለው የፈተና ጥያቄ።

ይህ ሐይቅ ዛሬ ፓርክ መሆኑን ስንናገር ደግሞ ብዙ ሰው ይገረማል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣና ሐይቅንና ዙሪያውን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። በአገራችን ከእሱ በፊት ይህን ስም ያገኙት የከፋ፣ የያዩና የሸካ ደኖች ነበሩ። የጣናው ክልል ወደ 700,000 ሄክታር ይጠጋል፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ውሃው። ቀሪው እርሻ፣ ረግረግ፣ ደን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መንደርና ከተማ ነው። ባሕር ዳር ራሷ በዚሁ ውስጥ ናት። ስለዚህ ከአዴት ወጥተው ሐይቁ ገና ሳይታይዎ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ ፓርኩ ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው።

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የጎበኘ ሰው አሠራሩን ያውቃል። ደባርቅ ላይ ይከፈላል፣ ስካውት ይያዛል፣ ከዚያ ይገባል። ጣና ላይ እንዲህ ያለ በር የለም፤ አጥርም የለም። ባዮስፌር ሪዘርቭ የሚባለው አሠራር ክልሉን በሦስት ይከፍለዋል። ዋናው እምብርት ጥብቅ ነው፣ አይነካም። በዙሪያው ያለው ደግሞ ለጉብኝት፣ ለትምህርትና ለምርምር ክፍት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው የሚያርስበት፣ የሚነግድበትና የሚኖርበት ነው። ሐሳቡ ሰውን አስወጥቶ ተፈጥሮን መጠበቅ ሳይሆን፣ እዚያው የሚኖረው ሰው ተፈጥሮውን ጠብቆ እንዲጠቀም ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል። በተግባር ግን ጥበቃው ዘብ በሌለበት በብዙ ሺህ ሰዎች የዕለት ውሳኔ ላይ ይወድቃል ማለት ነው፤ የጎብኚውም ውሳኔ ከነዚህ አንዱ ነው።

ዘጌ፦ ማረሻ ያልገባበት ደን

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለልጆች ማሳየት ከፈለጉ ዘጌን የመሰለ ቦታ የለም። ዘጌ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ከሩቅ ሲታይ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ዙሪያውን ያለው አገር ለእርሻ ሲመነጠር ዘጌ ደኑን ይዞ የቀረው የጫካ ጠባቂ ተቀጥሮለት አይደለም። ማረሻና የቀንድ ከብት እንዳይገባበት የሚከለክል የቆየ ሥርዓት ስላለው ነው። ሥርዓቱን የአገሬው ትውፊት ከገዳሙ መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል።

ያለ እርሻ ምን ይበላል? ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። መልሱ ቡና ነው። የዘጌ ቡና የሚበቅለው እንደ ዋንዛና ብርብራ ባሉ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከቡናው ጋር ጌሾና ሎሚ አለ። ገበሬው ቡናውንና ጌሾውን ሸጦ እህሉን ከገበያ ይገዛል። ዛፉ ከተቆረጠ ጥላው ይሄዳል፤ ጥላው ከሄደ ቡናው ይጎዳል፤ ቡናው ከተጎዳ እህል መግዣ የለም። ደኑ የቆመው እምነትም ሆድም በአንድ ላይ ስለያዙት ነው።

የዚህ ሰንሰለት ደካማ ቀለበት የት እንዳለ ግን ልብ ይበሉ። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ወይም በሽታ ሲመታው፣ ከዘጌ ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ሌላ ሀብት እንጨት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ማገዶ የሚፈልግ ትልቅ ከተማ ሆኖ ከፊቱ ተቀምጧል። ከዘጌ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ወደ ከተማ መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከገዳሙ መንገድ ዳር የተቀመጠችው እናት የምትሸጠውን ቡና ግማሽ ኪሎ ገዝተው ቢመለሱ መታሰቢያ ዕቃ ብቻ አልገዙም፤ ዛፉ በቁሙ ገንዘብ እንዲያወጣ አድርገዋል። በሙያዬ የገበያ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። "ጣና" የሚለውን ስም ሆቴሉም፣ ሱቁም፣ ትራንስፖርቱም ለጥፎታል። ከስሙ ከሚገኘው ገንዘብ ለሐይቁ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። የዘጌ ቡና ከተመላሾቹ ጥቂቶች አንዱ ነው።

ከወደቡ ወደ ውስጥ የሚወስደው የእግር መንገድ በደኑ መካከል ያልፋል። ጦጣ ይታያል፤ ቡና ሲያብብ ሽታው ያውዳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁለቱም እዚሁ ናቸው፤ የመቅደሶቻቸው ሥዕሎች ለልጅ እንደ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ናቸው። ለቤተሰብ አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፦ በጣና ገዳማት ሁሉ ሴቶች አይገቡም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንዶች ብቻ ናቸው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስም እንዲሁ። ጀልባ ከመከራየትዎ በፊት ይህን ካላስተካከሉ ግማሹ ቤተሰብ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላውን ግማሽ ሲጠብቅ ይውላል።

ደንገልና ታንኳ

ጣና ላይ ታንኳ ያላየ ጎብኚ የለም። ከደንገል ይሠራል፤ ውሃ ጠጥቶ እስኪከብድ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ከዚያ አዲስ ይሠራል። ይህን ጥበብ በዋናነት ይዘው የኖሩት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ነገደ ወይጦ ናቸው። የታንኳው ዝና የጣናን ደንገል እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ አድርሶታል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደሆነ ለመሞከር ተነሳ። "ራ" ብሎ የሰየማትን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነስታ ብዙ ሳምንታት ተጓዘች፤ በመጨረሻ ውሃ ገብቷት ስለተበታተነች ሠራተኞቿ ጥለዋት ወጡ። ይህን ታሪክ ታንኳውን እያሳዩ ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ የትምህርት ቤት ንባብ የማይሰጠውን ይሰጣል።

ደንገል ለታንኳ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። ከሐይቁ ዳር ቆሞ፣ ከፊላውና ከሌላው የረግረግ ሣር ጋር፣ ከማሳ የሚወርደውን ደለል ያጠልላል። ዓሣ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው እዚያ ውስጥ ነው። ወፍ የሚጎጆው እዚያ ነው። ችግሩ ረግረግ መሬት ለአራሽ ዓይን ባዶ መሬት መምሰሉ ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚወጣው ባሕር ሸሽ መሬት እርጥበቱን እንደያዘ ስለሚቆይ ይታረሳል። የሚያርሰው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጠባብ መሬት ያለው፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ነገር ግን ደንገሉ በሄደበት ቦታ ሁሉ የሐይቁ ማጥለያ ወንፊት ተቀዷል ማለት ነው።

ወፍ ማየት የሚወድ ልጅ ካለዎት ጉዞውን ከኅዳር እስከ የካቲት ያድርጉት። በእነዚህ ወራት ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ክሬኖች በሐይቁ ዳርቻ ማሳዎች ላይ በብዛት ይሰፍራሉ። በጭንቅላታቸው ላይ ወርቅማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላቸው የአገራችን ክሬኖች ዓመቱን ሙሉ አሉ። ፔሊካንና ዓሣ በል ንስር ደግሞ ከጀልባ ላይ ሆነው በቀላሉ የሚያዩዋቸው ናቸው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጠዋት ከሄዱ ጉማሬ የማየት ዕድል አለ። ጀልባው እንዲጠጋ ባለ ጀልባውን መጎትጎት ግን አያስፈልግም፤ ጉማሬ የሚስቅ የሚመስለው ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ርካሽ አጉሊ መነጽርና አንድ ደብተር ይዘው ቢሄዱ፣ ልጆች ያዩትን እየሳሉና እየቆጠሩ ስልካቸውን ይረሱታል።

እንቦጭ ከየት መጣ?

ስለ ጣና ሲወራ እንቦጭ ሳይነሳ አይቀርም። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ በአገራችን በቆቃና በአባ ሳሙኤል ውሃ ላይ ከታየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው በ2003/2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ተስፋፋ። ሕዝብ በእጁ ነቀለ፤ ማሽን ገባ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ወር አገር አቀፍ ዘመቻ ተካሄደ። ሰው ከሐይቁ ዳር ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረም ሲጎትት የሚያሳየውን ፎቶ ሁላችንም አይተናል።

አረሙ ከተነቀለም በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሚመገበውም አለው። ከማሳ በጎርፍ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ፣ ሁሉም ለእንቦጭ ቀለብ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገቡት አራቱ ትልልቅ ወንዞች ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፤ በክረምት የሚያመጡት ውሃ ቀለሙ ያስፈራል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ አገሮች ይህንኑ አረም ለመቀነስ እሱን ብቻ የሚበላ ጢንዚዛ ለቀው ትልቅ ለውጥ አይተዋል። ጢንዚዛውም ሆነ ማሽኑ ግን ቀለቡ ካልተቋረጠ ሥራው አያልቅም። ሐይቁ ጥልቅ አለመሆኑ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ ሳህን እንጂ ጉድጓድ አይደለም፤ ሳህን ደግሞ ቶሎ ይሞላል።

ውሃው ራሱ ቀንሶ ያስደነገጠበት ጊዜም አለ። የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝናብ ባነሰበትና ለመብራት ብዙ ውሃ በተለቀቀበት በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም ወርዶ ጀልባዎች ለወራት መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሲጨመር ከሐይቁ ውሃ የሚጠብቀው ሰው ይበልጥ በዛ። ጢስ ዓባይን በሚያዝያ ሄዶ ቀጭን ጅረት አይቶ የተናደደ ጎብኚ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ውሃው ወደ ተርባይን ሄዷል። ፏፏቴውን ለማየት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ሳህኑ ላይ ያለው ዓሣ

ጣና ዳር ደርሶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ የለም። ሜኑው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ቆረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ከሦስቱ ነጭ ዓሣ የሚባለው የተለየ ታሪክ አለው፤ አንድ ዓሣም አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የዚህ ወገን ዝርያዎችን ለይተዋል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከታች ያለ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። በዚህ የተነሳ የጣናዎቹ ለብቻቸው ተለይተው፣ አንዱ ቀንድ አውጣ በል፣ ሌላው ሣር በል፣ ሌላው ዓሣ በል እየሆኑ ተከፋፈሉ። መንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖረው ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ስምንት ዝርያዎች መኖራቸው ለሳይንቲስቶች እንግዳ ነገር ነው።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ ወገን ዓሣ ስብስብ የነበረበት ሌላ ሐይቅ በፊሊፒንስ ያለው ላናዎ ነበር። እዚያ ከውጭ የገቡ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማስገር ስብስቡን አጥፍተውታል። የጣናው ቀርቷል፤ ግን ተጎድቷል። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገባ በኋላ በ10 ዓመት ውስጥ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ምክንያቱ የሚራቡበት መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ይሄዳሉ፤ ከመግባታቸው በፊት የወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው የዓመቱን እናት ዓሣ በአንድ ሌሊት ይጠርጋል። በብርብራ ፍሬ ዱቄት ወንዝ አደንዝዞ መያዝም የቆየ ልማድ ነው።

የመራቢያው ወቅት ከሐምሌ እስከ መስከረም መሆኑ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናቶቻችንና ለንስሐ አባቶቻችን ትቼዋለሁ። የሚበላ ሰው ግን በእነዚህ ሦስት ወራት ነጭ ዓሣውን ትቶ ቆረሶ ቢያዝ ሐይቁን ይጠቅማል። አስተናጋጁን "ይሄ የትኛው ዓሣ ነው?" ብሎ መጠየቅም አያስነውርም። ጠያቂ ደንበኛ ሲበዛ ምግብ ቤቱ አቅራቢውን መጠየቅ ይጀምራል፤ ገበያ የሚታረመው በዚህ መንገድ ነው።

ከመነሳትዎ በፊት

ሁለት ሌሊት ካለዎት ይበቃል። የጀልባውን ጉዞ ጠዋት ያድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ማዕበሉ ሕፃናትን ያስፈራል፣ ያስታውካልም። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ መኖሩን ወደቡ ላይ ሳሉ ያረጋግጡ፤ ሐይቁ መሐል ከደረሱ በኋላ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ዋጋውንም የሚቆይበትንም ሰዓት አስቀድመው ይነጋገሩ። ኮፍያና በቂ ውሃ ይያዙ፤ ውሃውን በትልቅ ጀሪካን ወይም በየራሳቸው ኮዳ ቢይዙት ደግሞ ይመረጣል። የገዳማቱ መንገድ ዳር የሚታየው የፕላስቲክ ጠርሙስ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዘጌ ቆሻሻ የሚያነሳ የማዘጋጃ ቤት መኪና አይሄድም። ይዘው የሄዱትን ይዘው ይመለሱ።

ልጆች ሐይቁ ዳር መዋኘት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ጠበቅ ይበሉ፤ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው የሚተላለፈው ጥገኛ ተውሳኩን ከተሸከመ ቀንድ አውጣ በወጣ ትል አማካይነት ሲሆን፣ ዳር ላይ ባለ ሣራማና ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ እግር መንከር እንኳ ሊበቃ ይችላል። መዋኘት የሚወድ ልጅ በሆቴል ገንዳ ይዋኝ። ወባም ስላለ አጎበር ያለበት ክፍል ይጠይቁ፤ ምሽት ላይ ረጅም እጅጌ ያልብሷቸው።

የመንገዱን ነገር በግልጽ መናገር ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በነበረው ግጭት ጉዞ የተቋረጠባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ከዚህም የተነሳ የባሕር ዳር ጀልባዎች፣ አስጎብኚዎችና የዘጌ ቡና ሻጮች እንግዳ አጥተው ከርመዋል። ስለዚህ በዕለቱ ያለውን ሁኔታ መንገዱ ላይ ካሉ ዘመዶች ወይም ከመናኸሪያ ሳያጣሩ ልጅ ይዘው አይነሱ። ሰላም በሆነ ጊዜ ግን የአንድ ቤተሰብ ጉብኝት ከሌላው ጊዜ የበለጠ ዋጋ አለው። የውጭ ቱሪስት ሲጠፋ ደኑን ጠብቆ ለሚኖረው ሰው የሚቀረው ደንበኛ የሞጣና የቢቸና፣ የደብረ ማርቆስና የአዲስ አበባ ቤተሰብ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሰባራ ድልድይ

ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራል። ከባሕር ዳር ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በጢስ ዓባይ ይወረወራል፤ ከዚያ ገደሉን ይዞ በሞጣ ማዶ ያልፋል፤ ከቢቸና ምሥራቅ ዞሮ ወደ ደጀን ይወርዳል። በሞጣ በኩል ያለው መሻገሪያ ሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስት ተቆርጦ ስለቀረ ስሙን አገኘ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ጎጃሜና ጎንደሬ የተሻገረው ከሁለት ወገን በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተጎተተ፣ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ተጠግኖ ነበር፤ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ ከዚያ በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እዚያ ቆመው በነሐሴ ውኃውን ካዩት ጭቃ ነው። ልጆች ያንን አፈር ጣና አመጣው ብለው ያስባሉ፤ አዋቂም ያስባል። ሐይቁ ግን ከወንዞቹ የሚቀበለውን ደለል አብዛኛውን ሆዱ ውስጥ አስቀርቶ የሚለቀው ውሃ የተሻለ ጥራት ያለው ነው። ዓባይን ከጣና በታች የሚያጠቁሩት ከሁለቱም ማዶ የሚገቡበት ገባሮች ናቸው። በእኛ በኩል ውሃው የሚነሳው ከጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው፣ ጅብራና አስታ ከሚበቅልበት ከዚያ ተራራ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎች ብዙ ወንዞች ይፈልቃሉ። ሽቅብ የታረሰውን ቁልቁለት እያጠቡ ይወርዳሉ። አፈሩ የቢቸናና የሞጣ ማሳ ነው፤ የሚያበቃውም ህዳሴ ግድብ ውስጥ ነው።

ሰባራ ድልድይን ለማየት የመጨረሻው መንገድ ቁልቁል በእግር ነው፤ መመለሻው ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ። ከሞጣ ማልደው ይነሱ፤ ትንንሽ ልጆችን ለአያት ትተው ትልልቆቹን ብቻ ይዘው ይሂዱ። የክረምቱን ጭቃ ለማየት ነሐሴ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ግን በዚያ ወር ያንሸራትታል። ጥቅምት ላይ መንገዱም ደርቋል፣ አደዩም ገና አለ፣ ውሃውም ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።